አሥራ ሰባተኛው ገጽ

የውኃ ድርጅቱን መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀውን ሰው ትክክለኛ ስም ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። ለሌላው ሁሉ አባ ቁጥር ነው። ስሙም አልበዛበትም። በእጁ ያለፈ ወረቀት፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ትእዛዝ ይሁን የዘበኛ የዕረፍት ፈቃድ፣ ቀኝ ራስጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ሳይሰጠው ፋይል ውስጥ አይገባም። «ቁጥር የሌለው ገጽ አባት የሌለው ልጅ ነው፤ የፈለገ የእኔ ነው ይለዋል፣ ያልፈለገ አላውቀውም ይለዋል» ይላል። በዚህ አመሉ ያልሳቀበት የለም። ወረቀት የጠፋበት ቀን ግን የሳቀው ሁሉ መስኮቱ ሥር ቆሞ ይለማመጠዋል።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። እስከ ጣሪያ የሚደርስ የብረት መደርደሪያ፣ በፍርግርግ የታጠረች መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው። የሁለተኛው ጠረጴዛ ባለቤት ወደ ላይ ፎቅ ከወጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጥግ ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ፤ እንዲጠገን የተጻፈው ደብዳቤም፣ «በቅርቡ ይጠገናል» የሚለው መልስም በየቁጥራቸው ተሰድረው ፋይል ውስጥ ይገኛሉ። የውኃ ድርጅት የራሱን ቧንቧ ካልጠገነ የማንን ሊጠግን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ አባ ቁጥር ግን ጠያቂ አልነበረም። ሥራው ማስቀመጥ ነው።

ካስቀመጠው ሁሉ ግን አንድ ማስቀመጥ ያልነበረበት ነገር ነበር።

በዚያ ከተማ ሰብሳቢው የሚባሉ ሰው ነበሩ። የምን ሰብሳቢ እንደሆኑ በትክክል የሚናገር የለም። ሥራ አስኪያጅ ይመጣል ይሄዳል፤ እሳቸው አሉ። ምርጫ ሲደርስ ሰው በመኪና ጭነው የሚያመጡ እሳቸው፣ ምርጫው ሲያልፍ ለጫኑት ሰው ሥራ የሚያከፋፍሉ እሳቸው። ማከፋፈያቸው ብጣሽ ወረቀት ናት፤ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደች፣ ከሲጋራ ፓኮ የተላጠች፣ አንዳንዴም የሠርግ ጥሪ ጀርባ። «ይህን ወንድማችንን ተባበሩት» ትላለች። ፊርማ የለባትም፤ ከሥር መንጠቆ የመሰለች ጭረት ብቻ። መንጠቆዋን የማያውቅ የክፍል ኃላፊ ወንበሩ ላይ አይሰነብትም።

ብጣሿ የምትደርሰው ለአስተዳደር ኃላፊዋ ነው። ይህችን ሴት ሠራተኛው ከኋላዋ «ወይዘሮ ምንም አይደል» ይላታል፤ ደመወዝ ቢዘገይ፣ ጣሪያ ቢያፈስ፣ የሰው ዕድገት ቢቀር፣ ከአፏ የማትጠፋው ቃል ያችው ስለሆነች። ደንብ አዋቂ ናት። ወረቀት የማስወገድ ሥልጣን የመዝገብ ቤት ብቻ ነው ይላል ደንቡ። ስለዚህ የተባለው ሰው በተቀጠረ ማግስት ብጣሿን በፖስታ አሽጋ «ጋሼ፣ ይቅደዷት» ብላ ወደ ምድር ቤት ትልካታለች። ከእሷ በፊት የነበሩት ኃላፊም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ሌባ ሆኖ ደንብ ማክበር የሚባለው ይኸው ነው።

አባ ቁጥር ደግሞ ወረቀት መቅደድ አይሆንለትም። የመጀመሪያዋ ብጣሽ ስትመጣ ሞክሮ ነበር። በሁለት እጁ ይዟት ቆመ፣ ጣቶቹ እንቢ አሉት፣ መልሶ ጠረጴዛ ላይ አኖራት። ከዚያ በሳት፣ በክር አሠራት፣ በአዲስ ፋይል ላይ «ልዩ ልዩ» ብሎ ጻፈ፣ ለብጣሿም አንድ ቁጥር ሰጣት። «ይህችን እህታችንን ከፍ አድርጉልን» ትል ነበር ያቺ ብጣሽ። እህታችን የተባለችው በዚያች ሰዓት ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ፖስታ ትለጥፋለች፤ አቆጣጠሩንም አቀማመጡንም እሱ ራሱ ያስተማራት ልጅ ናት። ዛሬ ወይዘሮ ምንም አይደል የተባለችው እሷው ናት። «ልዩ ልዩ» የሚል ፋይል የሚከፍት ሰው ገና አልተወለደም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ገጽ ሲሆን ያየው አልነበረም።

አሥራ ሰባተኛዋ የራሱ ጉድ ናት። ከአምስት ዓመት በፊት ልጁ ለቆጣሪ አንባቢነት ተፈተነች። የሚፈለገው አምስት ሰው ነው፤ እሷ ሦስተኛ ወጣች። በዚያ ቤት ሦስተኛ መውጣት ምን ዋጋ እንዳለው ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ አንደኛ ወጥተው የቀሩ ሰዎች አቤቱታ መደርደሪያ ሞልቶበታል። ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ የሁለት ወር ልጅ ታቅፋለች። ሦስት ቀን ሲያመነታ ሰንብቶ በአራተኛው ወደ ላይ ወጣና የቀድሞ ተማሪው በር ላይ ቆመ። «ምንም አይደል ጋሼ» አለችው። በሳምንቱ «የመዝገብ ቤቱን ሽማግሌ ልጅ ተባበሯት» የምትል ብጣሽ ከነመንጠቆዋ ደረሰችው። ለእሷም ቁጥር ሰጣት፤ ምን ያድርግ።

ልጁ ይህን አታውቅም። ተፈትኜ አልፌ ገባሁ ትላለች፤ እውነቷን ነው። ፀሐይ ዝናብ ሳትል ከግቢ ግቢ እየዞረች ቆጣሪ ታነባለች፤ ውሻ ነክሷታል፣ ሰው ሰድቧታል፣ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። እሱ ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶታል። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ምሰሶ እሷ ናት፤ እሱም፣ እናቷም፣ ትንሹ ልጇም የሚደገፉት እሷን ነው።

አርባ አንደኛዋ ብጣሽ «ይህን ወንድማችንን ማጣሪያ ጣቢያው ላይ ተባበሩት» አለች። ወንድማችን የተባለው ጎማ ነጋዴ ነበር፤ ሠራተኛው ሳይውል ሳያድር «ጎማው» አለው። ለቦታው ተፈትና አንደኛ የወጣችው ኬሚስት አቤቱታዋን ሦስት ጊዜ በመስኮቱ አስገብታ በአራተኛው መምጣቷን ተወች። ጎማው ክፉ ሰው አልነበረም። ውኃው ውስጥ የሚጨመረውን ክሎሪን መለካት አያውቅም፣ አላውቅም ብሎ መናገር ደግሞ ያስገቡትን ሰው ማዋረድ ነው። ስለዚህ በየቀኑ በሚላከው ቅጽ ላይ ያንኑ አንድ ቁጥር ይጽፋል። አባ ቁጥር ቅጾቹን ሲያስገባ ልብ አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት። መብራት ጠፍቶ ጣቢያው ቆሞ በዋለበት ዕለት እንኳ ያው ቁጥር ተጽፏል። አየ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣ፣ ገጹን ቆጠረ፣ አስቀመጠ። ሥራው ማስቀመጥ ነው ተብሏል።

ጎማው በገባ በአራተኛው ሳምንት የታችኛው ሰፈር ሰው በሆድ ሕመም ተያዘ። የጤና ጣቢያው አግዳሚ አልበቃ ብሎ ሰው ግቢው ውስጥ ተኛ። ብዙው ዳነ። የአባ ቁጥር ጎረቤት፣ የግንበኛው ልጅ፣ አልዳነችም። ስድስት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ አጥር ሥር ቆማ «አባባ፣ ቦርሳህን ልያዝልህ» እያለች እስከ መንገዱ ትሸኘው ነበር። ቅጾቹ ግን አንድ ሳምንት ቀድመው እጁ ገብተው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ከራሱ ግን መደበቅ አልቻለም።

ግንበኛው ከቀብሩ አሥር ቀን በኋላ ኖራ የነካው ልብሱን እንደለበሰ መስኮቱ ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ አንተ ቤቱን ታውቀዋለህና ጻፍልኝ» አለው። «ካሣ ምናምን አልፈልግም። ምን እንደገደላት ብቻ ይንገሩኝ። እናቷ ከኔ ነው እያለች ነው። ውኃውን አፍልቼ ባጠጣት ኖሮ ትላለች። ከእሷ አለመሆኑን ወረቀት ላይ ይጻፉላት፣ ሌላ ምንም አልልም።»

አባ ቁጥር በእጁ ጻፈለት፣ በእጁ ማህተም መታበት፣ በእጁ ወደ ላይ ላከው። መልሱ በወሩ ወረደ፦ «የሕመሙ መንስኤ በድርጅቱ በኩል አልታወቀም።» ግንበኛው እዚያው መስኮቱ ሥር ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄ እኮ ከእሷ አይደለም አይልም» አለ።

«አይልም» አለ አባ ቁጥር።

«እና ምን ብዬ ላንብብላት?»

ሰውየው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። አባ ቁጥር የቀኑን ሥራ ጨረሰ፣ ግን የጻፋቸውን ቁጥሮች ሁሉ በማግስቱ ሲያያቸው መሥመር ስተው አገኛቸው፤ ይህ በሠላሳ አንድ ዓመት ደርሶበት አያውቅም።

ከዚያ ያደረገው ነገር ወደ አደባባይ የወጣ ጀግንነት አልነበረም። ሁለት የምሳ ሰዓት ነው የወሰደበት። «ልዩ ልዩ»ን ኮቱ ሥር ሸጉጦ አራት መንገድ ተሻግሮ የማያውቁት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። ማሽኗን የምታሠራው ልጅ ስልኳን እያየች ታገላብጥለታለች። አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ እጁን ማሽኑ ላይ ጫነ።

«ይቺ ትቅር» አላት።

ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀችና ወደሚቀጥለው አለፈች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ ነው፤ እሱም ተረቱን ያውቀዋል። መንገድ ላይ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ልጄ ተፈትና ያለፈች ናት፤ ብጣሿ ለእሷ የጨመረችላት ነገር የለም፤ የሷ ከነጎማው ጋር አይቆጠርም። ደግሞ አርባ ገጽ ለማን ያንሳል? እንዲህ እያለ መሥሪያ ቤቱ ደረሰ። ዋናውን ፋይል ወደ መደርደሪያው መለሰ፤ ዋና ከፋይል አይወጣም፣ የሚላከው ቅጂ ነው፤ ይህን ያስተማራቸው ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል።

ማመልከቻውን በግራ እጁ ጻፈው። የሕፃን ጽሕፈት መሰለ፤ ደስ አለው። የአቤቱታ ሰሚው ጽሕፈት ቤት በር ላይ «የጠቋሚዎች ማንነት በምስጢር ይጠበቃል» የሚል የተቆለፈ ሣጥን አለ። እሽጉን ሲያስገባበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁን ሰማ። ለሦስት ሳምንት ያህል ሰው የሆነ መሰለው። ግንበኛውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ዓይኑን አልሸሸም፤ «ትንሽ ታገሥ፣ ሰው ይጠየቃል» እስከ ማለት ደረሰ። ምነው አፉን በያዘው።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ተላላኪው የመረከቢያ መዝገቡን ይዞ መስኮቱ ላይ መጣ። አባ ቁጥር ፈርሞ ተረከበ፣ ፖስታውን በመቁረጫው ከፈተ። ከላይ የአቤቱታ ሰሚው ደብዳቤ ነበር። «ስማቸውን ካልገለጹ ግለሰብ የደረሰንን ጥቆማ ከአርባ ገጽ አባሪ ጋር ልከንላችኋል። ጉዳዩ በቀጥታ እናንተን የሚመለከት ስለሆነ አጣርታችሁ ውጤቱን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድታሳውቁን።» ከሥሩ የራሱ የግራ እጅ ጽሕፈት።

ክሱን ለተከሳሹ ልከው አንተው አጣራው አሉት ማለት ነው። ጥፋት ነው ብለው እንኳ አላሰቡም ይሆናል፤ ደንቡ ነው፣ ለሚመለከተው ይመራል። አባ ቁጥር ፖስታውን መደርደሪያ ኋላ ቢወረውረው ወደደ። ግን ፈርሞ ተረክቧል፤ ቀኑና ሰዓቱ ተላላኪው መዝገብ ላይ አለ። እናም የገዛ ራሱን ጥቆማ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም መታበት፣ በገቢ መዝገቡ ላይ ተራውን ጠብቆ አሰፈረው። «የአባሪ ብዛት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ገጾቹን አንድ ባንድ ቆጠረ። አርባ። ልክ ነው። አርባ ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያነሣ ዓይኑ የመጨረሻዋ ብጣሽ ቀኝ ራስጌ ላይ አረፈ።

እዚያ በገዛ እጁ የተጻፈ አርባ አንድ አለ።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ወደ ኋላ ገለጠ፤ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። ሰው ዓይኑ ላይ ያለውን መነጽር እንደማያየው፣ እሱም ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፋቸውን ቁጥሮች ማየት ትቶ ኖሯል። ጽሕፈቱን ደብቆ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን መርጦ፣ በሁሉም ገጽ ራስጌ ላይ ግን «እኔ ነኝ» ብሎ ጽፏል። ይባስ ብሎ የቱን እንደደበቀ ጭምር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ሰማ። ማድረግ የሚችለውን ሁሉ አሰበ፤ ማድረግ የሚችለው እሽጉን ወደ ላይ መላክ ብቻ ነበር። ላከው።

ሁለት ቀን ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆነ። በሦስተኛው ቀን፣ ሠራተኛው ምሳ በወጣበት ሰዓት፣ ወይዘሮ ምንም አይደል ወደ ምድር ቤት ወረደች። አሥራ አንድ ዓመት ወርዳ አታውቅም። በሩን ከውስጥ ዘጋችና የቀድሞ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች፤ አቧራውን በመዳፏ ጠረገችው።

«ቧንቧው አሁንም አልተሠራም?» አለች።

«አልተሠራም» አለ።

ሰው ባለበት እርስዎ ይላታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን እንደ ጥንቱ አንቺ ነው የሚላት። ዛሬ በየትኛው እንደሚጠራት ጠፋበት። እሷ አርባውን ገጽ ከክንዷ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«በግራ እጅዎ ሲጽፉ ያምርብዎታል» አለች። አልሳቀችም። «ፎቅ ላይ ያሉት ጽሑፉን ነው የሚያነቡት። ማን ጻፈው እያሉ ሲጣሉ ዋሉ። እኔ ግን ማን እንዳስተማረኝ ያውቃሉ። ከቃሉ በፊት ራስጌውን እዪ ይሉኝ አልነበር? አየሁት። አሥራ ሰባት የት ሄደች ጋሼ?»

«ፋይሉ ውስጥ ናት።»

«የማን ናት?»

«ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያስጻፍኳት።» ገጾቹን አንዴ በአውራ ጣቷ አንጫጫቻቸው። «አንደኛዋ የኔ ናት። እስከ ዛሬ ተቀድዳ ነበር የምትመስለኝ። የኔን ልከው የልጅዎን አስቀሩ።»

በጥፊ ቢሉት ይሻለው ነበር። አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ ስለ ሞተችው ልጅ፣ ስለ አሥራ ዘጠኙ ቅጾች፣ ስለ ግንበኛው። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አባሩኝ» አላት። «ሰባት ወር ነው የቀረኝ፤ እኔን አባሩኝና ይብቃ።»

«እርስዎን ካባረርን ሄደው ይናገራሉ፤ ሰውም ይሰማዎታል፤ እውነት ተናግሮ ተባረረ ይባላል።» ድምፅዋ የምታዝንለት ሰው ድምፅ ነበር፤ ይህ ነው የከፋው። «እዚህ ሲቀመጡ ግን ልጁን በብጣሽ ያስገባ ሰው ነዎት። እንዲህ ያለ ሰው ምን ብሎ ይናገራል? ይሄ የእኔ ሐሳብ አይደለም። ሰብሳቢው ናቸው እንዲህ ያሉት። ሽማግሌውን እንዳትነኩት ነው ያሉት።»

«ልዩ ልዩ»ን ጠየቀችው። ፋይሉን ራሱ አውርዶ ሰጣት። ስትነሣ ፍርግርጉን ይዞ ቆመ።

«እንግዲያው አንዲት መሥመር ጻፊልኝ» አላት። «ለግንበኛው። ከሚስቱ ጥፋት እንዳልሆነ ብቻ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

ትንሽ አሰበች፤ ማሰቧን አይቶ ተስፋ አደረገ።

«አልችልም ጋሼ። ከሷ አይደለም ካልኩ ከማን ነው ይላሉ። ከጎማው ነው ቢባል ማን ቀጠረው ይባላል። ከዚያ የኔም ልጆች አሉ።» ያቺን ቃሏን ልትል አፏን ከፈተችና ተወቻት። ደረጃውን ስትወጣ የጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማት።

ፋይሉ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ሲያነሣው ቀለለው። ውስጡ አንዲት ብጣሽ ብቻ ታሥራለች፤ ከፊቷ የነበሩት አሥራ ስድስቱ የሉም፣ ከኋላዋ የነበሩት ሃያ አራቱ የሉም፣ እሷ ብቻ አሥራ ሰባት ብላ ቁጭ ብላለች። አብሮ ለአቤቱታ ሰሚው የሚሄደው መልስ ነበር፤ ወጪ ቁጥር ሊሰጠውና ሊልከው የሚገባ እሱ ነው። ቆሞ አነበበው።

ድርጅቱ ጥቆማውን በከፍተኛ ትኩረት አጣርቷል ይላል ደብዳቤው። የቀረቡት አርባ ገጾች ዋና ያልተገኘላቸው ቅጂዎች በመሆናቸው ትክክለኛነታቸውን ማረጋገጥ አልተቻለም። ሆኖም በተደረገው ጥብቅ ፍተሻ ጥቆማው ውስጥ እንኳ ያልተካተተ አንድ ዋና ማስታወሻ በድርጅቱ መዝገብ ቤት ተገኝቷል። በዚህ ሕገ ወጥ መንገድ የተቀጠረችው የቆጣሪ አንባቢ ከሥራ ተሰናብታለች። ድርጅቱ ብልሹ አሠራርን እንደማይታገሥ በተግባር አሳይቷል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ከአርባ አንድ አንድ እውነት ተገኘ፤ እሷም ፈተናውን ያለፈችው። አባ ቁጥር ማህተሙን አነሣ። አልመታም ቢል በማግስቱ ሌላ ሰው ይመታዋል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ያሳስተዋል። መታው። አቤቱታ ሰሚው በሳምንቱ «ለፈጣን ምላሻችሁ እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈ፤ ይህንንም አስገባ፣ ቁጥር ሰጠ።

የስንብት ደብዳቤዎች የሚሰጡት በመዝገብ ቤቱ መስኮት ነው፤ ተቀባዩ የወጪ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። መልሱ በተላከ ማግስት ልጁ ከጠዋት ዙሯ ተጠርታ መጣች፤ የንባብ መዝገቧ ብብቷ ሥር ነው፣ ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል። ምን እንደሆነ አልነገሯትም፤ «ደብዳቤ አለሽ» ብቻ ነው ያሏት። በፍርግርጉ ቀዳዳ አቀበላት። አንገቷን ደፍታ አነበበችው፤ ሲያያት ከንፈሯ ከቃሉ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ፊደል ከምትቆጥርበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው የምታነበው።

«አባዬ፣ በማስታወሻ ገባሽ ይለኛል» አለች።

«አየሁት።»

«ሦስተኛ ወጥቼ አልነበር?»

«ሦስተኛ ወጥተሻል።»

«የተለጠፈውን አብረን አላየነውም?»

«አይተነዋል ልጄ።»

«ታዲያ ይሄን ማን ፈጠረብኝ?» ደብዳቤውን ወደ እሱ አዞረችለት፣ ያላነበበው ይመስል። «ማንን በድዬ ነው? ሰው ቤት ገብቼ ብርጭቆ ውኃ ለምኜ አላውቅም። አምስት ዓመት።»

ሊነግራት አፉ ድረስ መጣ። ቢነግራት ሥራው አይመለስላትም፤ አባቷም ይቀርባታል። ይህን ለእሷ ብሎ እንዳሰበው ለራሱ ነገረው፤ ለእሷ ይሁን ለራሱ ግን እስከ ዛሬ አልለየለትም። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ተራ ይዘው ቆመዋል፤ አንደኛው ግንበኛው ነው፣ ያቺን አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ይዟል፣ ሰው ተጠየቀ ወይ ሊል ነው የመጣው።

ልጁ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና እስክሪብቶውን ተቀበለችው።

«ግድ የለም፣ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» አለች። «ይሄን ያደረገብኝን ሰው እጁን ይቁረጠው።»

«አሜን» አለ አባቷ፣ የምትፈርምበትንም መሥመር በጣቱ አሳያት።